«እጁን የሰጠን ሰው ቀሪውን መንግሥት ይችለዋል» ለተባለው ምላሽ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ከከፈትሁ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ዲቪ እሞላለሁ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ከውጭ የሚላክ ሰነድ አትማለሁ፣ እንግሊዝኛውን ለማይችል ሰው አንብቤ እነግራለሁ። ሕግ አልተማርሁም። ይሁን እንጂ ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከአንኮበር ወይም ከጣርማበር መጥቶ ልጁን ሊልክ ያሰበ ሰው ጠበቃ ቤት ሳይረግጥ እኔ ዘንድ ስለሚመጣ፣ ወረቀቱን ሁሉ እያገላበጥሁ ሳልወድ በግድ ተምሬአለሁ።

ሰሞኑን «አሜሪካ ገብቶ እጁን ለመንግሥት የሰጠ ሰው ሁሉ ይረዳል» የሚል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ሱቄ ገባ፤ ሦስቱም «አትምልኝ» ነው ያሉኝ። ሦስተኛው ከመሐል ሜዳ የመጡ አባት ናቸው። ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ሳለ የመሬት ደብተራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው «ይኸንንም ኮፒ አድርግልኝ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጁን ልልከው ነው። መሬቷን ለጥቂት ዓመት አከራያለሁ፣ በሬዎቹንም እሸጣለሁ። እዚህ ላይ እንደሚለው ከሆነ ከገባ በኋላ ስድስት ወር እንኳ አይቸገርም» አሉ፣ ሁለተኛውን ገጽ በጣታቸው እየነኩ።

ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ያ ሁለተኛ ገጽ ነው።

ላላነበበው ሰው፣ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸ ነው። አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ወዲያው ወርኃዊ ገንዘብ፣ የምግብ ካርድና ማደሪያ ያገኛል። ሕክምና ለማንም ነፃ ነው። ግሪን ካርድ (የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) የያዘ ሰው ከዜጋው እኩል ነው። ግን ደግሞ አንድ ጊዜ ከመንግሥት እጅ የተቀበለ ሰው ኋላ «ፓብሊክ ቻርጅ» (የመንግሥት ሸክም) ተብሎ ወረቀቱን ይነጠቃል። ዘመዶቻችን በነፃ እየኖሩ ግብርም ሳይከፍሉ ለቤተሰብ የማይልኩት ከንፍገት ነው። እኛ አገር ደግሞ ለድኻ ምንም የለም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው፤ ክፋትም አላየሁባቸውም። ከሰሙት ውስጥ እውነት የሆነ ቁራጭ አለ፤ የማን እንደሆነና የመቼ እንደሆነ ግን ተደባልቆባቸዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በወሩ ገንዘብ ይቆረጥለታል» ብለዋል።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከራሳችን አነጋገር ይመስለኛል። ልጅ ከዚያ ይደውልና «እማዬ፣ አሳይለም ገባሁ» ይላል። የጥገኝነት ማመልከቻዬን አስገባሁ ማለቱ ነው። እናት ግን ቤት ገባሁ፣ ሥራ ገባሁ እንደሚባለው አድርጋ ትሰማዋለች፤ ዕድርተኛውን ጠርታ ቡና ታፈላለች። «አሳይለም ገባሁ» እና «አሳይለም አገኘሁ» በሚሉት መካከል አንዳንዴ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ዓይን አያይም።

ድንበሩን ያሰመረው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1996 የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ነው። ሕጉ የውጭ ዜጎችን «ብቁ» እና «ብቁ ያልሆኑ» ብሎ ከፈላቸው። ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኛነት ተመዝግበው በመንግሥት በኩል የመጡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ከብቁዎቹ ወገን ሆኑ። ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ከነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጠያቂው ከፌዴራል መንግሥት ፉድ ስታምፕ የሚሉት የምግብ ካርድም፣ ጥሬ ገንዘብም፣ መደበኛው ሜዲኬይድም (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) አይሰጠውም። የቲፒኤስም ነገር ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ያ ጊዜያዊ ከለላ የሥራ ፈቃድ ያስገኝ ነበር እንጂ ሜዲኬይድ አያስገኝም ነበር።

እሺ፣ ካልተሰጠው ሠርቶ ይብላ ይባል ይሆናል። ይህን ስጽፍ የመሐል ሜዳው አባት «ስድስት ወር» ፊቴ ላይ ይመጣል። በነባሩ ደንብ ጥገኝነት ጠያቂ የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚችለው ማመልከቻው ከገባ 150 ቀን ሲሞላው ነው፤ ፈቃዱም ከ180 ቀን በፊት አይሰጠውም። 180 ቀን ስድስት ወር ነው። ጽሑፉ «አይቸገርም» ያለው ያን ስድስት ወር፣ ልጁ ሕግ ሳይጥስ አንድ ዶላር ሊያገኝ የማይችልበትን ጊዜ ነው። ቆጠራው የሚጀምረውም ከገባበት ቀን አይደለም፤ ማመልከቻው ከደረሰበት ቀን ነው። ቀጠሮውን ራሱ ካዛወረ ደግሞ ሰዓቱ ይቆማል። ማመልከቻውን በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላስገባ ጥቂት የተለዩ ምክንያቶች ካላዳኑት በስተቀር በሩ ይዘጋበታል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ በ2013 ዓ.ም. ስታመለክት ቢያንስ ማመልከቱ በነፃ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ ግን ለማመልከቻው 100 ዶላር፣ ጉዳዩ ሳይወሰን ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ዓመት 100 ዶላር፣ ለመጀመሪያው የሥራ ፈቃድ 550 ዶላር ጣለ። ሥራ እንዳይሠራ ከተከለከለ ሰው መሆኑን አስታውሱ። ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ይቆረጥለታል የተባለው ሰው መጀመሪያ ከፋይ ነው።

ማደሪያውስ? ጸሐፊው «በሆቴል ያስቀምጧቸዋል» ሲሉ ከአየር ላይ አላመጡትም። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 በፍርድ ቤት ከገባችው ስምምነት የተነሣ መጠለያ ለለመነ ሰው መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለባት፤ ብዙ ሺህ ስደተኞች በገቡበት ሰሞን ሆቴሎችን እስከመከራየት ደርሳለች። ታዋቂው ሩዝቬልት ሆቴልም ከሜይ 2023 ጀምሮ መቀበያ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ተዘጋ። ያ የአንድ ከተማ ነገር ነው። የኛ ሰው የሚበዛበት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሄደ ልጅ የሚያርፈው ያገር ልጅ ቤዝመንት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው፤ የሚያበላውም ያው ያገር ልጅ ነው። እህቴ ሰባት ወር የተኛችበትን ሶፋ በቪዲዮ አሳይታኛለች። እናታችን «አልጋውስ የት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ልጅቱ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ጥገኝነት የተፈቀደለትስ? እዚህ ላይ ጽሑፉ ከዚህ ቀደም ቢወጣ ኖሮ ግማሹን እቀበል ነበር። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከተፈቀደለት ቀን ጀምሮ ከስደተኞች ማቋቋሚያ ቢሮው ጥቂት ጥሬ ገንዘብና ሕክምና፣ ሲቸገርም ፉድ ስታምፕ ያገኝ ነበር። የማቋቋሚያው ገንዘብና ሕክምና 12 ወር ይቆይ የነበረው እ.ኤ.አ. ከሜይ 5 ቀን 2025 ወዲህ ብቁ ለሆነ ሰው ወደ 4 ወር ወርዷል። ፉድ ስታምፑን ደግሞ ያ የጁላይ 2025 ሕግ ጥገኝነት ካገኙትና ከስደተኞቹ ላይ አንሥቶታል፤ የሚመለስላቸው ግሪን ካርድ ሲይዙ ነው። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ለመጠየቅ አንድ ዓመት እዚያ መቆየት አለበት። ሜዲኬይዱም ተከታይ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌዴራሉን ሜዲኬይድ ከውጭ ዜጎች ለባለ ግሪን ካርዶች፣ ለተወሰኑ የኩባና የሄይቲ ሰዎችና ልዩ ስምምነት ላላቸው የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ብቻ ይተወዋል። በተባበሩት መንግሥታት በኩል ከካምፕ የተወሰዱ ሰዎች እንኳ የአውሮፕላኑን ዋጋ በብድር ነው የሚሄዱት፤ ወለድ የለውም እንጂ ይከፍሉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው «የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ሳይኖራት ፉድ ስታምፕ ትበላለች» ያሉትን አልጠራጠርም። እዚያ የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው፤ ካርዱ የሚፈቀደው ለሕፃኑ ነው፣ የሚሰላውም ለሕፃኑ ነው። እናቲቱ ታወጣዋለች እንጂ የራሷ ድርሻ የለበትም። ከአንድ ሕፃን ድርሻ ላይ ሁለት ሰው ሲቀምስ ከሩቅ ላየው ጥጋብ ይመስላል።

አሁን ወደ ሕክምናው። «ማንም ይግባ፣ ሆስፒታል ገንዘብ አይጠይቅም» ይላል ጽሑፉ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ አለ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የመንግሥት የሕክምና ሽፋን የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ በሩ ላይ የደረሰን ሰው ወረቀቱንና ኪሱን ሳይጠይቅ መርምሮ ከአደጋ ማውጣት አለበት። ትልቅ ሕግ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ደርሶ «መጀመሪያ ካርድ ክፈል» የተባለ የኛ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ግን ሕጉ አክሙ አለ እንጂ ሒሳብ አትጠይቁ አላለም። ደግሞም ከአደጋ ማውጣት ላይ ያቆማል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የካንሰር ክትትል፣ ጥርስ፣ እነዚህ ውስጡ የሉም።

እህቴን እዚያ በገባች በአራተኛው ወር፣ የሥራ ፈቃድ ሳይኖራት፣ ሌሊት ሆዷን ቆረጣት። ትርፍ አንጀት ነበር። አምቡላንስ መጣ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፣ አንድም ሰው «ከፍለሻል ወይ» አላላትም። ያን ሌሊት ለእናቴ «አገር ማለት ይኼ ነው» ብዬ ነገርኋት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ «ቢል» የሚሉት የሒሳብ መጠየቂያ መጣ። አንድ ቢል አልነበረም፤ የሆስፒታሉ ለብቻ፣ የሐኪሙ ለብቻ፣ የሰመመን ሰጪው ለብቻ፣ የአምቡላንሱ ለብቻ። ጠቅላላውን ወደ ብር ስመነዝረው ካልኩሌተሩ የተሳሳተ መስሎኝ እንደገና ደመርሁት። እዚህ ሱቄንም ቤቴንም ብሸጠው አይሞላም ነበር።

ለዚያ ዓይነት አጋጣሚ መንገድ ነበረ። የድንገተኛ ጊዜ ሜዲኬይድ የሚባል አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ በወረቀቱ ምክንያት ብቻ መደበኛውን ሜዲኬይድ ላጣ ሰው የድንገተኛውን ሒሳብ ይከፍላል፤ ወረቀት ለሌለውም ጭምር። በጊዜው እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸፍን ነበር። እህቴ ሦስቱን ወር አሳለፈችው። ለምን? የጸሐፊውን አራተኛ ነጥብ የመሰለ ወሬ ሰምታ ነበርና። «ከመንግሥት ገንዘብ ከወሰድሽ ኬስሽ ይበላሻል» ብለዋት ደብዳቤዎቹን ሳትከፍት በላስቲክ አሥራ አልጋ ሥር፣ ይቅርታ፣ ሶፋ ሥር አስቀመጠቻቸው።

ያወጣት ሌላ ነገር ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ሁሉ መክፈል ለማይችል ሰው የሚቀንሱበት ወይም የሚሠርዙበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ታካሚው ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ማመልከቻ የማስገባት ጊዜ አለው። ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻት ነርስ፣ የኛው አገር ልጅ፣ በስድስተኛው ወር ቅጹን አስሞላቻት። የሆስፒታሉ ሒሳብ ተሠረዘ። የአምቡላንሱንና የሰመመን ሰጪውን ሒሳብ ሆስፒታሉ ስላላስተዳደረው በወር በወር እየቆረጠች ሁለት ዓመት ከፈለች። ይህን በዝርዝር የማወራው ልጅ ያላችሁ ሁሉ አሁኑኑ ደውላችሁ እንድትነግሩት ነው፦ ቢል ሲመጣ አይሽሽ፣ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የገንዘብ ድጋፍ) ብሎ ይጠይቅ።

ለተራው ሕመምም በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የቀረው እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ጀምሮ ነፍሰ ጡር እናትን ወረቀቷ ምንም ይሁን ምን ትሸፍናለች። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወረቀት ለሌላቸው አዋቂዎችም በሯን ከፍታ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች ዘጋችው። ሚኒሶታም ሰጥታ መልሳ ወስዳለች። «አሜሪካ» ብሎ በአንድ ቃል መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው። ከሰላ ድንጋይ አንሥቶ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አየር ያገኝ የለ? እዚያም ልጅህ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሌላ ግዛት ቢገባ ሌላ ደንብ ያገኘዋል።

እህቴ የሥራ ፈቃዷን ካገኘች በኋላ አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ያዘች፣ በኦባማ ኬር በኩልም በድጎማ ኢንሹራንስ ገዛች። ጥገኝነቷ አሁንም አልተወሰነም። ያው የ2025 ሕግ ያን ድጎማ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ እንደ እርሷ ካሉ ሰዎች ያነሣዋል። ጽሑፉ «እየተስፋፋ ነው» ያለው ነገር እየጠበበ ነው።

ለጸሐፊው የምተውላቸው አንድ እውነት አለ፦ ትምህርት ቤት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ውሳኔ ወረቀት የሌለው ሕፃን እንኳ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይባረርም። ዊክ የሚባለው የነፍሰ ጡሮችና የሕፃናት ምግብ ዕርዳታም ወረቀት አይመርጥም። እነዚህን ጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘኋቸውም። የሌለውን ሲዘረዝሩ ያለውን ረሱት።

«ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከዜጋ እኩል ነው» የሚለው ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ነው፤ ዲቪ ሞልቼ የላክኋቸውን ሰዎች ይመለከታልና። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሄደ አዋቂ ሰው፣ በዚያው በ1996 ሕግ፣ ለፌዴራሉ ሜዲኬይድ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ለፉድ ስታምፕም አምስት ዓመት፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አይጠብቅም። ኤስኤስአይ ለሚባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለት ዐሥር ዓመት የተሠራ ሥራ፣ ይጠየቃል። ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሳያስጠብቁ የሚቀበሉ ግዛቶች አሉ፣ ሜሪላንድ አንዷ ናት።

ይህ ለምን ያሳስበናል ቢባል፣ እዚህ ከተማ ውስጥ «እናቴን ላምጣትና ጉልበቷን ትታከም» የማይል ዜግነት ያገኘ ልጅ የለም። እትዬ ሰባ ዓመታቸው፣ ቪዛቸው ወጥቶ፣ ሠፈሩ ሸኝቷቸው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ሜዲኬይድ አምስት ዓመት። የአረጋውያኑ ሜዲኬርም፣ እዚያ ሠርተው ላላዋጡ ሰዎች፣ አምስት ዓመት ኖረው ከዚያም በየወሩ እየከፈሉ ነው። ልጁ ቪዛውን ሲያስወጣ ገቢው ከድህነት ወለሉ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን አሳይቶ «እኔ እችላታለሁ» ብሎ ፈርሟል፤ ፊርማው እናቱ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም 40 ሩብ ዓመት እስኪሞላላቸው ይከተለዋል። ኢንሹራንስ መግዛት ይቻላል፤ ልጁ በግብር ወረቀቱ ላይ ጥገኛው አድርጎ ካስመዘገባቸው ዋጋው በልጁ ቤት ገቢ ይሰላል። እናትዬው ከስምንት ወር በኋላ ጉልበታቸውን እንደያዙ ሲመለሱ ሠፈሩ «ልጁ ሚስቱን ፈርቶ ነው» ይላል። ሚስቱ ምን አደረገች?

አራተኛው ነጥብ፣ ፓብሊክ ቻርጅ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ራሱን ይቃረናል። ሁለት ገጽ ሙሉ «ሁሉም ይሰጣል» ካለ በኋላ «ከተቀበሉ ወረቀታቸውን ይነጠቃሉ» ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የመንግሥት ሸክም ይሆናል የተባለን ሰው አለማስገባት እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ውስጥ አለ። ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው። ጥገኝነት ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ በሕግ ከዚህ ነፃ ነው። ዜግነት ሲጠየቅም ፓብሊክ ቻርጅ የሚባል ፈተና የለም። ፈተናው የሚያገኘው በዲቪና በቤተሰብ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ የሚጠይቀውን ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የሠራው ደንብ አገር ውስጥ ላለ አመልካች የሚቆጥርበት ለኑሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብና በመንግሥት ወጪ በተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ መታከምን ነው፤ ፉድ ስታምፕም፣ የሆስፒታል ሜዲኬይድም፣ የትምህርት ቤት ምሳም አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መንግሥት ይህን ደንብ ሊሽር ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ በቤተሰብ የሚያመለክት ሰው ከመቀበሉ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ። እህቴ ግን ጠያቂም ብትሆን የምትፈራው አልነበረም፤ ያ ወሬ ለአምቡላንሱና ለሰመመን ሰጪው የከፈለችውን ሁለት ዓመት አስከፍሏታል።

ግብር አይከፍሉም መባሉን በአንድ መስመር ልለፈው። የአሜሪካው የታክስ እና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ብቻ እ.ኤ.አ. በ2022 የከፈሉትን 96.7 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። ከዚያ ውስጥ ለጡረታ የሚቆረጠው የብዙዎቹ ገንዘብ ተመልሶ የማይደርሳቸው ነው።

ንፍገት የተባለው ይቆየኝና ስለ አገራችን የተባለውን ላንሣ። «ለድኻ ምንም የለም» የሚለውን የጻፈው ሰው በጤና መድኅን ማሳደሻው ሰሞን ቀበሌ ያልደረሰ መሆን አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ አማራ አንዱ ሆኖ፣ በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ዛሬ በኛ ዞን ገበሬ ደብተሩን እንደ መሬት ደብተሩ ነው የሚጠብቀው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መክፈል የማይችለው ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል። ጤና ጣቢያ ይጀመራል፣ ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል ይደረሳል፤ ሰንሰለቱን ዘልሎ የሄደ ሰው ሽፋኑ ይጓደልበታል። ጉድለቱን አውቃለሁ። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ማዘዣውን እኔ ዘንድ ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣ ሰው በሳምንት አላጣም። ግን «ምንም የለም» ሌላ ነው። ደግሞ እዚህም ቢሆን ወረቀት ነው የሚወስነው። ዓመቱን ሙሉ ያላሳደሰ ሰው ሲታመም ደብተሩ አይሠራለትም። ከወለጋ ተፈናቅለው ቻይና ካምፕ ያረፉትን ጠይቁ፦ መዝገብ ላይ ስሙ ያለና የሌለ ሰው ስንዴ ሲመጣ እኩል አይሰለፍም። ይህን የሚያውቅ ከተማ አሜሪካ ያለ ወረቀት እንደሚያድል ማመኑ ይገርመኛል።

ንፍገቱ። እህቴ ለአረጋዊቷ ምግብ አብስላ፣ አጥባ፣ አልጋ አንጥፋ በሰዓት የምትቀበለው ገንዘብ ከሶፋው ቀጥሎ ወደ ተከራየችው ክፍል፣ ወደ ጠበቃው፣ ወደ ኢንሹራንሱና ወደዚያ ወርኃዊ የአምቡላንስ ዕዳ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አልላከችም። እኔም፣ እናገረዋለሁ፣ ከሠፈሩ ጋር አብሬ አምቻታለሁ። ለፋሲካ ስትደውል «በግ እንኳ አልላክሽም» ብያታለሁ። ምንም አልመለሰችም። ስለ ቢሉ የነገረችኝ ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የመሐል ሜዳው አባት በሳምንቱ ተመለሱ። ይህን ሁሉ በቁጥር አስረዳኋቸው፤ 150፣ 180፣ 550። መሬታቸውን ያከራዩ፣ አያከራዩ የኔ ጉዳይ አይደለም፤ ልጁ አዋቂ ነው፣ የሚሄድበትም የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። «እንግዲያው ስድስቱን ወር ማን ያበላዋል?» አሉኝ። ዘመድ እንዳላቸው ጠየቅሁ። ሚኒሶታ የወንድማቸው ልጅ አለ። «እርሱን ጠይቄ ልወስን» ብለው የመሬት ደብተራቸውን ወሰዱ፤ የጽሑፉን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ከማደስ የሚቦዝኑ ካልሆኑ ሁለተኛውን ገጽ እንዲያርሙት እጠይቃለሁ። እናቴ የጤና መድኅን ደብተሯን ዘንድሮም አሳድሳለች። መነጽር ግን መድኅኑ አይሸፍንም፤ የገዛላት እህቴ ናት።